የዓይን ሕመሞችን በአይሲዲ-10-ሲኤም ኮድ ማድረግ፦ ከቻርቱ እስከ ክሌሙ

በአሜሪካ የዓይን ክሊኒኮች ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) ውድቅ ሆኖ ሲመለስ፣ የተሳሳተው ብዙ ጊዜ የበሽታው ስም አይደለም። ሐኪሙ ግላኮማ (የዕይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ብሎ ጽፏል፤ ኮደሩም፣ ማለትም የታካሚውን መዝገብ (ቻርት) ወደ ኮድ የሚለውጠው ሠራተኛ፣ የግላኮማ ኮድ ሰጥቷል። የጎደለው የትኛው ዓይን እንደሆነና በሽታው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ የሚናገሩት የመጨረሻዎቹ አንድ ወይም ሁለት ቁምፊዎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ ትኩረታችን የኮዱ ጭራ ላይ ነው። መመሪያው በዓይን ክሊኒክ ቢሊንግ ለሚሠሩና ለኮደርነት ፈተና ለሚዘጋጁ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። የኮዶቹ ፊደላት እዚህ እንደሚነበቡት በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል። ኤች፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዜድ፣ ኤክስ የሚሉት እያንዳንዳቸው ሶፍትዌሩ ላይ አንድ የላቲን ፊደል ናቸው። ከኮድ መጨረሻ ላይ ጭረት ካዩ፣ ለምሳሌ ኤች25.1-፣ ኮዱ ገና አላለቀም፤ የሚጨመር ቁምፊ አለ ማለት ነው።

የመጽሐፉ አቀማመጥ

አሜሪካ አይሲዲ-10-ሲኤምን፣ ማለትም የበሽታ ኮዶቿን መጽሐፍ፣ ሥራ ላይ ያዋለችው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው አይሲዲ-10 የሠራ ሰው ቁጥሮቹን ሲያይ ወዲያው ያውቃቸዋል፤ የሚያደናቅፈውም ይኸው ነው። በዓለም ጤና ድርጅቱ ኤች25.1 ያለቀለት ኮድ ነው። በአሜሪካው ግን ቀኝ፣ ግራ ወይም ሁለቱም የሚል ቁጥር ካልተጨመረበት ሲስተሙ አይቀበለውም። የአሜሪካው ኮድ እስከ ሰባት ቁምፊ ይሄዳል።

የዓይን ሕመሞች ምዕራፍ ሰባት ላይ፣ ከኤች00 እስከ ኤች59 ይገኛሉ። አደራደሩ በግምት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፦ የዓይን ቆብና የእንባ መስመር ከ00 እስከ 05፣ ኮንጀንክታይቫ (የዓይን ነጩን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) 10 እና 11፣ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ጥርት ያለው ሽፋን) እና አይሪስ ከ15 እስከ 22፣ ሌንስ ከ25 እስከ 28፣ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን) ከ30 እስከ 36፣ ግላኮማ ከ40 እስከ 42፣ ቪትሪየስ (ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር) 43 እና 44፣ የዕይታ ነርቭ 46 እና 47፣ የዓይን ጡንቻና የመነጽር ችግሮች ከ49 እስከ 52፣ የዕይታ መታወክና ዓይነ ስውርነት 53 እና 54። ኤች59 በቀዶ ሕክምና ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ለሚከተሉ ጉዳቶች የተተወ ነው።

ከዚህ እኩል ሊታወቅ የሚገባው በምዕራፉ ውስጥ የሌለው ነው። የስኳር በሽታ በሬቲና ላይ ያደረሰው ጉዳት በኢ ሥር ነው። ድንገተኛ የዓይን ጉዳት በኤስ እና በቲ፣ ትራኮማና በሄርፒስ የመጣ የኮርኒያ ቁስል በኤ እና በቢ፣ ዕጢ በሲ ወይም በዲ፣ ከውልደት የመጣ ጉድለት በኪው ይፈለጋል። ዓይን ነው ብሎ በቀጥታ ወደ ኤች መሮጥ የጀማሪ ስህተት ነው።

እርምጃ 1፦ ቻርቱን ማንበብ

ኮድ የሚሰጠው ሐኪሙ ድምዳሜ ብሎ በአሰስመንቱ ላይ ለጻፈው ነው። የምርመራ ግኝቶች ብቻቸውን ኮድ አይሆኑም። ቻርቱ ላይ የነርቩ ጉድጓድ ሬሾ 0.8፣ የዓይን ግፊት 28 ተብሎ ቢጻፍም፣ ሐኪሙ ግላኮማ ወይም የግላኮማ ጥርጣሬ ብሎ ካልደመደመ ኮደሩ በራሱ ግምት መደምደም አይችልም። ያለው አማራጭ መጠየቅ ነው፤ አጠያየቁን ወደ መጨረሻው እናያለን።

ከቻርቱ አራት ነገሮችን ይልቀሙ፦ በሽታው ምንድን ነው፣ የትኛው ዓይን ወይም የትኛው ቆብ ነው፣ በምን ደረጃ ላይ ነው፣ ምን አመጣው። ምህጻረ ቃላቱን አጥርቶ መያዝ ግድ ነው። ኦዲ ቀኝ ዓይን፣ ኦኤስ ግራ ዓይን፣ ኦዩ ሁለቱም ዓይኖች። ለቆብ ደግሞ አርዩኤል የቀኝ ላይኛው፣ አርኤልኤል የቀኝ ታችኛው፣ ኤልዩኤል የግራ ላይኛው፣ ኤልኤልኤል የግራ ታችኛው ነው። ኤንኤስ ከ1 እስከ 4 ፕላስ ጋር ሲጻፍ የሌንሱ እምብርት መደንደኑን፣ ማለትም ኒውክሊየር የዓይን ሞራን ያመለክታል።

አሰስመንቱ ላይ ኦዲ፣ ምርመራው ላይ ግን ለዚያው ችግር ኦኤስ ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ካለፈው ቀጠሮ ተገልብጦ የመጣ ቻርት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮድ ከመስጠትዎ በፊት ያቁሙ።

የውጭ ታካሚን (ተኝቶ የማይታከምን) በሚመለከት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይጠረጠራል»፣ «ይህ እንዳልሆነ ይረጋገጥ» ተብሎ የተጻፈ በሽታ እንዳለ ተቆጥሮ ኮድ አይሰጠውም፤ በምትኩ ምልክቱ ይወሰዳል። የሬቲና መገንጠል ተጠርጥሮ ካልተገኘና ታካሚው የሚያየው ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥብ ከሆነ ኤች43.39- ነው። የዓይን ሕመም ስሜት ኤች57.1-፣ የዕይታ ብዥታ ኤች53.8 ነው። ግላኮማ ላይ ግን ጥርጣሬው ራሱ የተመደበለት ኮድ ስላለው ከዚህ ደንብ ይወጣል።

እርምጃ 2፦ ከኢንዴክስ ወደ ታቡላር

ቃሉን መጀመሪያ በፊደል ተራው ኢንዴክስ ይፈልጉ፤ ያገኙትን ቁጥር ግን ታቡላሩን (በኮድ ቁጥር ተራ የተደረደረውን ዝርዝር) ሳያዩ አይጠቀሙበት። ኢንዴክሱ ጎን፣ ደረጃና ማስታወሻ አይነግርዎትም። ታቡላሩ ላይ ከኮዱ ብቻ ሳይሆን ከምድቡ ራስ ጀምረው ያንብቡ፤ ማስታወሻው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት መስመር ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ኤክስክሉድስ 1 የሚለው ሁለቱ ኮዶች በአንድ ጊዜ አብረው አይሄዱም ማለት ነው። ኤክስክሉድስ 2 ግን «ያ እዚህ ውስጥ አልተካተተም፤ ታካሚው ሁለቱም ካሉበት ሁለቱንም ጻፍ» ነው የሚለው። ሁለቱን ማምታታት ተገቢውን ኮድ ያስጥላል፣ ወይም የማይገባውን ያስጨምራል። «ቀድመህ ይህን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ካለ ቅደም ተከተሉ የኮደሩ ምርጫ አይደለም። በሌላ በሽታ ምክንያት ለመጡ የዓይን ችግሮች የተመደቡት ኤች28፣ ኤች32፣ ኤች36 እና ኤች42 መቼም ቢሆን የመጀመሪያ ኮድ ሆነው አይቀመጡም።

እርምጃ 3፦ ጎኑን መወሰን

ለዓይን ኳስ አጠቃላይ ልማዱ 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም ነው። ያልተገለጸ ጎን እንደየምድቡ 0 ወይም 9 ይሆናል። የሁለት ዓይን ኮድ ካለና በሽታው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቀኝና ግራን ለየብቻ ከመጻፍ 3ን መጠቀም ነው ትክክሉ።

የዓይን ቆብ ላይ ቆጠራው ይለወጣል። 1 የቀኝ ላይኛው፣ 2 የቀኝ ታችኛው፣ 3 የቀኝ ያልተገለጸ፣ 4 የግራ ላይኛው፣ 5 የግራ ታችኛው፣ 6 የግራ ያልተገለጸ፣ 9 ጭራሽ ያልተገለጸ። እዚህ 3 ሁለቱም ማለት አይደለም። ይህን ያልለየ ኮደር በሁለቱም ዓይን ላይ ላለ ካላዝዮን (በቆብ ውስጥ የሚወጣ እብጠት) ኤች00.13 ብሎ የቀኝ ዓይን ያልታወቀ ቆብ ያደርገዋል። በቀኝ ላይኛውና በግራ ላይኛው ቆብ ላይ ካላዝዮን ካለ መጻፍ ያለባቸው ሁለት ኮዶች ናቸው፦ ኤች00.11 እና ኤች00.14። ብሌፋራይተስ (የቆብ ጠርዝ ብግነት) ላይ ደግሞ በአንድ ዓይን ላይኛውም ታችኛውም ቆብ ከተያዘ አንድ ኮድ ይበቃል፦ ለቀኝ ኤች01.00ኤ፣ ለግራ ኤች01.00ቢ።

ከኢትዮጵያ ገጠር የመጡ በዕድሜ የገፉ ታካሚዎች በሚታዩበት ክሊኒክ፣ በትራኮማ ጠባሳ ምክንያት የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢንፌክሽኑ ከዓመታት በፊት አልፎ ጠባሳው ብቻ ከቀረ ኤ71 አይሆንም፤ ያ ለራሱ ለበሽታው ነው። መጀመሪያ አሁን ያለው ችግር ይጻፋል፦ ሽፋሽፍቱ ብቻ ከሆነ የተቀለበሰው ኤች02.05-፣ ቆቡ ራሱ በጠባሳ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ኤች02.01-። ከእሱ በኋላ ቢ94.0፣ ማለትም የትራኮማ ውጤት። የኤች02.05- ስያሜ ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰው «ቆቡ ሳይታጠፍ» መሆኑን በግልጽ ስለሚናገር፣ ለአንድ ቆብ ሁለቱን አብሮ መጻፍ እርስ በርሱ ይጋጫል። ጠባሳው የኮርኒያን መሀል ካጨለመው ኤች17.1- ይጨመራል።

የዓይን ሞራ

በዕድሜ የመጣ ኒውክሊየር የዓይን ሞራ ኤች25.1- ነው፤ በሁለቱም ዓይን ከሆነ ኤች25.13። በዕድሜ የመጣ ኮርቲካል (በሌንሱ ዳር ያለ) ኤች25.01-፣ ከሌንሱ ጀርባ ሽፋን ሥር ያለው ኤች25.04- ነው። በአንድ ዓይን ላይ ከአንድ በላይ ዓይነት ተጣምሮ ከተጻፈ ወደ ኤች25.81- ይሂዱ። «የዓይን ሞራ» ብቻ ተብሎ ሌላ ዝርዝር ከሌለ ኤች26.9 ይሆናል፤ ለቀዶ ሕክምና ክሌም ግን በጣም ደካማ ኮድ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚበላሸው በሁለተኛው ዓይን ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ታካሚው በሁለቱም ዓይን ሞራ ኖሮት ቀኙ ሊሠራ ሲገባ ኤች25.13 ትክክል ነው። ቀኙ ተሠርቶ ግራው ሲሠራ ግን የቀኙ ሞራ ስለሌለ ኤች25.12 ይሆናል፤ በቀኝ ሰው ሠራሽ ሌንስ መኖሩን የሚናገረው ዜድ96.1 አብሮት ይሄዳል። ዜድ96.1 የጎን ቁጥር የለውም፤ ሊጨምሩበት አይሞክሩ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ሽፋን ሲደፈርስና ሌዘር ሲያስፈልግ ኤች26.49- ነው፤ ኤች25 ያኔ ቦታ የለውም።

ከመድኃኒት የመጣ ሞራ፣ በተለይ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ከወሰደ ሰው፣ ኤች26.3- ሲሆን የመድኃኒቱን ጎጂ ውጤት የሚገልጽ የቲ ኮድ ይከተለዋል።

ስኳር በሽታና ሬቲና

ዓይነት 2 ስኳር በሽታ ኢ11 ነው፣ ዓይነት 1 ኢ10። ሐኪሙ ዓይነቱን ካልጻፈ ኢ11 ይወሰዳል። የኢ11.3- ቤተሰብ በሽታውን፣ የዓይኑን ችግርና ጎኑን በአንድ ኮድ ስለሚጠቀልል ሌላ የሬቲና ኮድ መደረብ አያስፈልግም።

ግንባታው እንዲህ ነው። አምስተኛው ቁምፊ የጉዳቱን ክብደት ይናገራል፦ 2 ቀላል፣ 3 መካከለኛ፣ 4 ከባድ፣ 5 አዲስ የደም ሥር የበቀለበት። ስድስተኛው የሬቲናው መሀል እብጠት መኖር አለመኖሩን ይለያል፦ 1 አለ፣ 9 የለም። በ5 ሥር ብቻ ተጨማሪ ምርጫዎች አሉ፦ 2 ሬቲናው በመጎተት ተገንጥሎ መሀሉን ሲነካ፣ 3 መሀሉን ሳይነካ፣ 4 መጎተትና መቀደድ ሲጣመሩ፣ 5 የተረጋጋ። ሰባተኛው ጎኑ ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ ያልተገለጸ ከሆነ 9። ይህ ሰባተኛ ቁምፊ የተጨመረው ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ነው።

ቀኝ ዓይን ቀላል ጉዳት ከመሀል እብጠት ጋር፣ ግራ ዓይን መካከለኛ ጉዳት ያለ እብጠት ቢሆን፦ ኢ11.3211 እና ኢ11.3392። ዓይኖቹ ስለተለያዩ ሁለት ኮድ። ታካሚው ኢንሱሊንም የሚዋጥ መድኃኒትም ካለው ዜድ79.4 እና ዜድ79.84 ሁለቱም ይጨመራሉ፤ ኢንሱሊን ያልሆነ መርፌ የሚወስድ ከሆነ ዜድ79.85።

እዚህ ቦታ ተደጋግመው የሚታዩ ሦስት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው፣ ክብደቱ ያልተገለጸ የሬቲና ጉዳት ኢ11.311 ወይም ኢ11.319 ሲሆን ስድስት ቁምፊ ላይ ያበቃል፤ ጎን የለመደ እጅ ሰባተኛ ቁጥር ይጨምርበትና ኮዱ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ኢ11.9 «ያለ ተጓዳኝ ጉዳት» ማለት ስለሆነ ከኢ11.3- ጋር በአንድ ክሌም ላይ አይቀመጥም። ሦስተኛው፣ ታክሞ የጠፋ የመሀል እብጠት ኢ11.37ኤክስ- የሚባል የራሱ ኮድ አለው፤ እብጠቱ ዛሬም እንዳለ አድርጎ መጻፍ ካለፈው ቻርት የመገልበጥ ምልክት ነው።

ስኳርና የዓይን ሞራ አንድ ላይ ሲጻፉስ? መጽሐፉ በ«ጋር» ደንቡ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ስኳርና የዓይን ሞራ ብሎ ብቻ ከጻፈ ኢ11.36 ይሆናል፤ ሞራው ከስኳሩ አይደለም ብሎ በግልጽ ከጻፈ ግን አይያያዙም። ሐኪሙ በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላ በኩል «በዕድሜ የመጣ» ብሎ ከጻፈ፣ ከመገመት መጠየቁ ይሻላል።

የደም ግፊት በሬቲና ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በተለየ መንገድ ይሄዳል፦ ኤች35.03- ከአይ10 (የደም ግፊቱ ኮድ) ጋር፣ ሁለት ኮድ። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ታካሚው የመጣበት ምክንያት ነው።

ግላኮማ

ስህተት የሚበዛበት ምድብ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። የግላኮማው ዓይነት፣ ጎኑና ደረጃው ሦስቱም መታወቅ አለባቸው።

በተለምዶ የሚገጥምዎት ቀዳሚ ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ነው፦ ኤች40.11-። ስድስተኛው ቁምፊ ጎን፣ ሰባተኛው ደረጃ። ደረጃዎቹ 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ፣ 4 ሊወሰን ያልቻለ፣ 0 ያልተገለጸ። በሁለቱም ዓይን ቀላል ከሆነ ኤች40.1131፣ በቀኝ ዓይን ብቻ ከባድ ከሆነ ኤች40.1113። ሁለቱን ኮዶች ደግመው ይዩአቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ሲቀያየሩ አንድ ዓይኑን እያጣ ያለው ሰው ቀላል በሽተኛ ይሆናል፤ ሲስተሙም ሁለቱም ሕጋዊ ኮድ ስለሆኑ ስህተቱን አይይዝልዎትም።

ደረጃውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ መለኪያውን ማወቅ ግን ኮደሩ የጎደለውን እንዲያይ ይረዳዋል። ነርቩ የግላኮማ ለውጥ አሳይቶ የዕይታ መስክ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ቀላል ነው። መስኩ በላይኛው ወይም በታችኛው ግማሽ ብቻ ተጎድቶ ከመሀሉ 5 ዲግሪ ውስጥ ካልገባ መካከለኛ ይባላል። ሁለቱም ግማሾች ከተጎዱ፣ ወይም ጉዳቱ መሀሉን በ5 ዲግሪ ውስጥ ከነካ ከባድ ነው። 4 እና 0 አንድ አይደሉም። 4 ሐኪሙ ራሱ ደረጃውን አሁን መወሰን አልተቻለም ሲል ነው፤ ለምሳሌ የመስክ ምርመራው ገና ሳይሠራ፣ ወይም ታካሚው ማተኮር አቅቶት ውጤቱ ሳይታመን ሲቀር። 0 ደግሞ ሐኪሙ ስለ ደረጃው ምንም ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ባዶውን በ4 መሙላት ያልተባለውን እንደተባለ ማድረግ ነው።

ሁለቱ ዓይኖች በዓይነት ወይም በደረጃ ከተለያዩ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ኮድ ይሰጣል፦ ቀኝ ከባድ፣ ግራ ቀላል ከሆነ ኤች40.1113 እና ኤች40.1121። ዓይነቱ ያልተገለጸ ክፍት ማዕዘን ግላኮማ፣ ኤች40.10ኤክስ-፣ የጎን ቁጥር የለውም። በሁለቱም ዓይን መካከለኛ ቢሆን ኤች40.10ኤክስ2 አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ኤክስ ቦታ መያዣ ናት፤ ከተዘለለች ደረጃው ስድስተኛ ቦታ ላይ ይወድቅና ኮዱ ይበላሻል። በተቃራኒው፣ ኤች40.11 ላይ ኤክስ የሚያስገቡ አሮጌ የማጣቀሻ ወረቀቶች አሁንም በየጠረጴዛው ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ያ አጻጻፍ ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ አይሠራም።

ድንገተኛ የማዕዘን መዘጋት፣ ኤች40.21-፣ ደረጃ አይጠየቅበትም፤ በጎን ቁጥሩ ያበቃል። ሥር የሰደደው፣ ኤች40.22-፣ ይጠየቅበታል። የጥርጣሬ ኮዶቹ ኤች40.0- ሥር ናቸው፦ ዝቅተኛ ስጋት ኤች40.01-፣ ከፍተኛ ስጋት ኤች40.02-፣ ጠባብ ማዕዘን ኤች40.03-፣ ያለ ነርቭ ጉዳት የጨመረ የዓይን ግፊት ኤች40.05-። አንድ ዓይን ላይ ጥርጣሬና የተረጋገጠ ግላኮማ አብረው አይኖሩም።

የሬቲና መሀል መድከምና የደም ሥር መዘጋት

በዕድሜ የሚመጣ የማኩላ (የሬቲናው መሀል) መድከም ደረቁ ኤች35.31-፣ እርጥቡ ኤች35.32- ነው። ስድስተኛው ጎን ነው። ሰባተኛው ለደረቁ 1 ጅማሬ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 የገፋና መሀሉን ያልነካ፣ 4 የገፋና መሀሉን የነካ ነው። ለእርጥቡ 1 ንቁ አዲስ የደም ሥር፣ 2 የተኛ፣ 3 ጠባሳ። ቀኝ ዓይን ላይ መርፌ ተሰጥቶ ክሌሙ የግራውን ደረቅ ኮድ ካመለከተ መመለሱ አይቀርም። ሁለቱም ኮዶች ክሌሙ ላይ ይኑሩ፤ መርፌው ግን ከቀኙ እርጥብ ኮድ፣ ለምሳሌ ከኤች35.3211 ጋር ብቻ ይያያዝ።

የሬቲና ዋና ደም መላሽ ሥር መዘጋት ኤች34.81-፣ የቅርንጫፉ ኤች34.83- ነው። ሰባተኛው ቁምፊ 0 እዚህ ያልተገለጸ ማለት አይደለም! ከመሀል እብጠት ጋር ማለት ነው፤ 1 አዲስ የደም ሥር የበቀለበት፣ 2 የተረጋጋ። በግላኮማ ለምዶ 0ን ለ«አላውቅም» የሚጠቀም ሰው ለታካሚው የሌለ እብጠት ይፈጥርለታል።

ጉዳትና ባዕድ ነገር

የኮርኒያ መቧጨር ኤስ05.01ኤክስኤ ለቀኝ፣ ኤስ05.02ኤክስኤ ለግራ ነው። ባዕድ ነገር ኮርኒያው ላይ ካለ ኤስ05.0- ይቀርና ቲ15.01ኤክስኤ ወይም ቲ15.02ኤክስኤ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ያለው ኤ የመጀመሪያ ቀጠሮ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ንቁ ሕክምና ላይ ያለ ማለት ነው። ሌላ ሐኪም ጀምሮት እናንተ ጋ ሕክምናው ከቀጠለ አሁንም ኤ ነው። በመዳን ላይ ያለን ቁስል ለመከታተል ሲመጣ ዲ፣ ጠባሳው ወይም ያስከተለው ችግር ሲታከም ኤስ።

የዕይታ ማጣት

ኤች54 መንስኤውን ቀድሞ መጻፍ ይፈልጋል። ምድቦቹ በተሻለው እርማት በሚገኘው ዕይታ ይወሰናሉ። ምድብ 1 ከ20/70 የባሰ እስከ 20/200፣ ምድብ 2 ከ20/200 የባሰ እስከ 20/400፣ ምድብ 3 ከ20/400 የባሰ እስከ 20/1200፣ ምድብ 4 ከዚያ የባሰ ብርሃን እስከ መለየት፣ ምድብ 5 ብርሃንም የማይለይ። በሜትር ለሠራ ሰው 20/70 ማለት 6/18፣ 20/200 ማለት 6/60፣ 20/400 ማለት 3/60 ነው። 1 እና 2 የዕይታ ድክመት፣ ከ3 እስከ 5 ዓይነ ስውርነት ናቸው።

ቀኝ ዓይኑ ብርሃን የማይለይ፣ ግራው 20/100 የሚያይ ታካሚ ኤች54.1151 ነው፦ ቀኝ ምድብ 5፣ ግራ ምድብ 1። ቀኝ ዓይኑ በምድብ 3 ታውሮ ግራው ጤናማ ከሆነ ኤች54.413ኤ፤ እዚህ ኤ «ጤናማ ዕይታ» ማለት ነው እንጂ ከጉዳት ኮዱ ኤ ጋር አይገናኝም። ሁለቱም ዓይን ተጎድቶ ምድቡ ካልተጻፈ ኤች54.3፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ኤች54.6-።

በአሜሪካ ሕግ 20/200 የሚያይ ሰው ዓይነ ስውር ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ በዚህ ሠንጠረዥ ግን በትክክል 20/200 ምድብ 1፣ ማለትም ድክመት ነው። ስለዚህ ኤች54.8 የሚሠራው ሐኪሙ በሕግ ዓይነ ስውር ብሎ ጽፎ ምድቡ በማይታወቅበት ጊዜ ብቻ ነው። ምድቡ ካለ ከኤች54.8 ጋር አብሮ አይሄድም።

የመነጽር ምርመራ ወይስ ሕክምና

ታካሚው ያለ ቅሬታ ለዓመታዊ ምርመራ ከመጣ ዜድ01.00፣ ምርመራው ላይ አዲስ ነገር ከተገኘ ዜድ01.01 ከግኝቱ ኮድ ጋር ይጻፋል። የቅርብ ብቻ ማየት ኤች52.1-፣ የሩቅ ብቻ ማየት ኤች52.0-፣ አስቲግማቲዝም ኤች52.2-፣ በዕድሜ የሚመጣው የንባብ ችግር ደግሞ ያለ ጎን ኤች52.4። የመነጽር ኢንሹራንስና የሕክምና ኢንሹራንስ የተለያዩ ከፋዮች ስለሆኑ የመጀመሪያው ኮድ ክሌሙ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። መለኪያው ታካሚው የመጣበት ምክንያት ነው። ኢንሹራንሱ እንዲከፍል ተብሎ ቅደም ተከተል መገልበጥ ማጭበርበር ነው።

ክሌሙን መሙላት

ሲኤምኤስ-1500 ቅጽ ላይ የበሽታ ኮዶች ሣጥን 21 ውስጥ ይገባሉ፤ እስከ 12 ይይዛል፣ ከኤ እስከ ኤል። የአይሲዲ ጠቋሚው ቦታ ላይ 0 ይጻፋል። ነጥቡ ይቀራል፦ ኤች25.12 የሚገባው ኤች2512 ተብሎ ነው። ሣጥን 24ኢ ላይ ለእያንዳንዱ አገልግሎት እስከ አራት ጠቋሚ ፊደል ይሰጣል፤ የመጀመሪያው አገልግሎቱን ያስፈለገው ዋና ምክንያት ይሁን።

የኮዱ ጎንና የአገልግሎቱ ሞዲፋየር (ከአገልግሎቱ ኮድ ጋር የሚጻፍ ተጨማሪ ምልክት) መስማማት አለባቸው። አርቲ ቀኝ፣ ኤልቲ ግራ፣ 50 ሁለቱም። የቆብ ሞዲፋየሮች ግን ቆጠራቸውን የሚጀምሩት ከግራ ነው፦ ኢ1 የግራ ላይኛው፣ ኢ2 የግራ ታችኛው፣ ኢ3 የቀኝ ላይኛው፣ ኢ4 የቀኝ ታችኛው። በበሽታ ኮዱ 1 የቀኝ ላይኛው ስለነበረ፣ ኤች02.051 ያለበት ክሌም ኢ3 ይዞ ነው መሄድ ያለበት። 1ን ከኢ1 ጋር ማጣመር ቀኙን ዓይን የታከመ ሰው ግራውን እንደታከመ ያስመስላል።

ሐኪሙን መጠየቅ

ጥያቄው መልሱን የሚያስይዝ መሆን የለበትም። «ግላኮማው ከባድ ነው አይደል?» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። ቻርቱ ላይ ያለውን ማስረጃ ይጥቀሱ፣ ከዚያ አማራጮቹን በሙሉ ይዘርዝሩ፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ አሁን ሊወሰን ያልቻለ፣ ሌላ። ሐኪሙ የሚመልሰው ቻርቱ ላይ ቀኑ ተጽፎበት በሚጨመር ማስታወሻ ነው፤ በቃል የተነገረ መልስ ለኦዲት አይጠቅምም። ከአንድ ሐኪም ቻርት ላይ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ነገር ከጎደለ፣ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኒክ ቻርቱን ቅጽ ማስተካከል ነው። ደረጃ ሳይመረጥ የግላኮማን መስመር የማያዘጋ ቅጽ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

አዲስ ኮዶች በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ሥራ ላይ ይውላሉ፤ አንዳንዴ ኤፕሪል 1 ላይም ተጨማሪ ይወጣል። የሚወስነው ክሌሙ የተላከበት ቀን ሳይሆን ታካሚው የታየበት ቀን ነው። ሴፕቴምበር 30 ለታየ ሰው ክሌሙ በኖቬምበር ቢላክም የድሮው መጽሐፍ ነው የሚሠራው፤ በተለይ ውድቅ ሆኖ የተመለሰን ክሌም አርሞ ሲልኩ ይህን ይፈትሹ።